ያልፈረምሁባት ካርድ

አስኮት ቬል፣ ሜልቦርን
የካቲት 17 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለጓዴ ለገለታ፣ ቢሾፍቱ

ይህች ወረቀት እጅህ ስትገባ አንተንም ቤትህንም በደህና ታግኝ። እኔ አለሁ። ሙቀቱ ብቻ ነው ያስቸገረኝ፤ እዚህ አገር የካቲት እሳት ነው፣ ፎቁ ቀን የዋጠውን ሙቀት ማታ እየተፋ አላስተኛ ብሎኛል።

መጀመሪያ ይቅርታ። ደብዳቤህ ከመጣ ወር አለፈው። ንቄህ አይደለም። አንድ ገጽ ለመጻፍ ሦስት ቀን እንደሚፈጅብኝ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግምጃ ቤቱ ውስጥ በጥይት ሣጥን ላይ በጠመኔ ፊደል ያስቆጠርኸኝ አንተው ነህ። "ሰው አስጽፍ" ብለሃል። አላስጽፍም። የራሴን ነገር አንዴ በሰው እጅ አስይዤ ያገኘሁትን አይቻለሁ። ጆሮህ ስልክ ቢሰማ ኖሮ ሁለታችንም በተገላገልን፤ ግን ጆሮህን የበላው እኔ ካጠገብህ የተኮስሁት ጥይት ስለሆነ ዝም ብዬ እጽፋለሁ።

"በስልሳ ስምንት ዓመትህ ጠመንጃ ምን ሊያደርግልህ ነው? ጤና ነህ ወይ?" ብለህ ጠይቀሃል። ጤና ነኝ። ሰው ልገድል አይደለም። ራሴንም ልገድል አይደለም፤ ያንን ፈርተህ እንደሆነ ተወው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ልጄ ኢዮሲያስ ኢላማ ተኳሽ ሆኗል። የነገረችኝ ወይንሸት ናት፤ በር ለበር የምንኖር የደብረ ብርሃን ሴት ናት፣ ሁሉን ታውቃለች። ከከተማ ወጣ ብሎ የተኩስ ክበብ አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነው የሚውለው። እናቱ ጽጌ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆነ፣ ከእሱ ጋር ከተነጋገርንም እንዲሁ ሦስት ዓመት። በቀብሯ ዕለት በሰው ፊት "ልጅ የለኝም" አልሁ። ለምን እንዳልሁ ዛሬ አልጽፍም።

ደጁ ሄጄ "ልጄ" ልለው አልችልም። አፌ አይታዘዝልኝም። ክበቡን ግን ሄጄ አየሁት። ሁለት ሰው ባንድ ኢላማ ይመደባል። አንዱ በደረቱ ተኝቶ ሲተኩስ ሌላው ጎኑ ተቀምጦ በመነጽር እያየ ያገኘውን ቁጥር ጮክ ብሎ ይጠራል፣ በካርድ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ይቀያየራሉ። ሲያበቃ ተኳሹ "እውነት ነው" ብሎ ካልፈረመ ካርዱ አይቆጠርም። ገባህ? ሰዓት ሙሉ ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ አንዱን ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ደጁ ላይ መቆም ያልቻልሁ ሰው ጎኑ መተኛት ግን እችላለሁ።

የክበቡ አባል ሆኛለሁ። የመንጃ ፈቃድ እንደማውጣት ፈተናም አለው፤ በሁለተኛው አለፍሁ። አሁን የቀረው ጠመንጃው ነው፣ ጡረተኛ ነኝና ርካሽ መሆን አለበት። ሦስት አይቻለሁ። አንዱ አዲስ የአደን ጠመንጃ ነው፣ ቀጭን፣ ሰደፉ ፕላስቲክ፣ ሲያዩት ያምራል። ሁለተኛው ያው አዲስ ሆኖ በትንሿ ጥይት የሚሠራ ነው። ሦስተኛው አሮጌ ነው፣ ኦማርክ ይሉታል፣ የዚሁ አገር ሥራ፣ አንድ አንድ ብቻ የሚጎርስ፣ አፈሙዙ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና የወፈረ፤ ጥይቱ ያ ጦሩ ውስጥ የያዝነው የኤም ፎርቲን ጠመንጃችን ነው። የትኛውን ልያዝ? ምረጥልኝ።

ሌላው፣ ስለ እትዬ ማንተግቦሽ ጠይቄህ ነበር፣ አልመለስህልኝም። ሁልጊዜ በደብዳቤህ መጨረሻ "ያ ዱርዬ ገና አልሞተም ወይ ብላለች" ትለኝ ነበር። ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎች የለም። ያሳደገችኝ እህቴ ሳትሰድበኝ ዓመት አልፎ አያውቅም። አረርቲ ብቅ ብለህ እያት።

ወልዴ


ቢሾፍቱ
መጋቢት 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለግትሩ ለአሥር አለቃ ወልዴ

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። "ጤና ነህ ወይ" ያልሁህን ይቅር በለኝ። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ጠመንጃ አማረኝ ሲል ወዳጅ መፍራቱ አይቀርም። አሁን ገብቶኛል። የልጅህን ነገር አልነካም፣ አንተ እስክትነካው።

ወደ ሥራችን። የአደኑን ተወው። ቀጭን አፈሙዝ ሁለት ጥይት ተኩሶ ለሚመለስ አዳኝ ነው የተሠራው። አንተ አሥር ስታከታትልበት ይግላል፣ ሲግል ጥይቱ መንገዱን ይቀይራል፣ አንተ ደግሞ ነፋሱን ትራገማለህ። ትንሿ ጥይት ለትከሻህ ትመች ነበር፤ ለሌላ ሽማግሌ ቢሆን እሷን ነበር የምመክረው፣ ግን በአምስት መቶ ሜትር ላይ ነፋስ ይጫወትባታል፣ ደግሞም "የልጅ ጥይት ያዝህልኝ" ብለህ እንደምትሰድበኝ አውቃለሁ። ወፍራሙን አሮጌ ያዝ። ጠመንጃ በዕድሜ አይናቅም፣ በአያያዝ ነው።

ከመግዛትህ በፊት ቃታውን አውጥተህ በአፈሙዙ ውስጥ ሰማይ እይበት። ጥምዝ መስመሮቹ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብለው ካልታዩህ አትግዛ። ቀጥሎ ጥጥ ወስደህ የአፈሙዙን ጫፍ፣ ጥይቱ የሚወጣባትን ከንፈር፣ ዙሪያውን አብስ። ጥጡ ከተያዘ ከንፈሯ ተጎድታለች ማለት ነው። ያቺ የፀጉር ያህል ጉዳት በአምስት መቶ ሜትር ላይ ክንድ ትሆናለች።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ለጠመንጃው የምታወጣውን ያህል ላዩ ላይ ለሚገጠመው ማነጣጠሪያ መነጽር አስቀምጥ። ሰው ገንዘቡን ሁሉ ብረቱ ላይ ይጨርስና በጨለመ መስታወት ያያል። በደብዳቤህ ስለዚህ መነጽር አንድ ቃል የለም። ለምን? ዓይንህስ እንዴት ነው?

የእትዬ ማንተግቦሽን ነገር፣ አረርቲ ልሄድ ብዬ ነበር፣ ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተቆርጧል አሉኝ። ሳገኛት እጽፍልሃለሁ።

ገለታ


አስኮት ቬል
ሚያዝያ 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለገለታ

እንኳን ለሆሳዕና አደረሰህ፤ እንደ ፈጣሪ ፈቃድ ጾሙን ሳልቆርስ እዚህ አድርሼዋለሁ።

ጠመንጃው ተገዛ። ወፍራሙ አሮጌ ነው፤ የሞተ አባል ንብረት ነበር፣ ሚስቱ ለክበቡ አስረክባው ነው የሸጡልኝ። ያልኸኝን ሁሉ አደረግሁ። ጥጥ ከኪሴ ሳወጣ ኮሊን ሳቀብኝ። ኮሊን የክበቡ ሊቀ መንበር ነው፣ ሰባ አምስት ዓመቱ፣ እንደኔው ሚስቱ የሞተችበት። ጥጡን በጫፉ ላይ ሳዞረው ሳቁን ተወና "ይህን ማን አስተማረህ?" አለኝ። "አንድ ደንቆሮ ወዳጅ አለኝ" አልሁት። ጥጡ አልተያዘም። መስመሩም ጥርት ያለ ነው።

ለምን ዘገየህ ብትለኝ፣ በኩራቴ ነው። ጠመንጃ የሚቀመጥበት የብረት ሣጥን ግድግዳ ላይ በብሎን መታሰር አለበት። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ግድግዳ ለመብሳት የሃውሲንግን፣ የቤቶች መሥሪያ ቤቱን፣ ፈቃድ ስጠብቅ አንድ ወር። ሣጥኑን ለማየት ፖሊስ መጣች፣ ወጣት ናት፣ ሰው አክባሪ። ሁሉን አየች፣ ወደደች። መጨረሻ ላይ "ቁልፉስ የት ነው?" አለችኝ። ደረቴን ነፍቼ "ወይንሸት ጋ ነው" አልኋት። በጽጌ ጊዜ የቤቱ ቁልፍ ሁሉ በሷ እጅ ነበር፤ እኔ በዕድሜዬ ቁልፍ ይዤ አላውቅም። ለታመነ ሰው አስቀመጥህ ብላ ታመሰግነኛለች ብዬ ስጠብቅ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ለካ ፈቃድ የሌለው ሰው ቁልፉን መንካት የለበትም። እንደገና ፎርም፣ እንደገና ሦስት ሳምንት። ወይንሸት "ጋሼ፣ እኔን ወንጀለኛ ሊያደርጉኝ ነው እንዴ?" እያለች እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። ቁልፉ አሁን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው።

መነጽር አልገዛሁም፣ አልገዛምም። በብረት ማነጣጠሪያ ሦስት ዋንጫ ያመጣሁ ሰው ነኝ፤ ጠመንጃዎቹን የጠገንሃቸው አንተ፣ የተኮስሁባቸው እኔ። መነጽር ለሰነፍ ነው። ዓይኔን ጠይቀሃል። ዓይኔ ዓይን ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። በመጋቢት የትኛው ወንዝ ነው የሞላው? እዚያ አገር ተወልጄ አደግሁ እኮ። በመጋቢት ያ ወንዝ ውስጥ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ስለ ጠመንጃ ስጠይቅህ ሦስት ገጽ ትጽፋለህ፣ ስለ እህቴ ስጠይቅህ የሌለ ወንዝ ትሞላብኛለህ። ታማ ከሆነ ታማለች በለኝ። እኔ ሕፃን አይደለሁም። እንደ ሕፃን ያደረጉኝ ሰዎች ምን እንዳገኛቸው ታውቃለህ።

ወልዴ


ቢሾፍቱ
ግንቦት 15 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለወልዴ

ይቅርታ። ወንዙ አልሞላም። ጉልበቴ ነው፣ ከቤት አላወጣኝ ብሎ። ለዛሬው ይህን ተቀበለኝና ስለ ሌላው አትጨቅጭቀኝ።

መነጽሩን ግን እጨቀጭቅሃለሁ። ያኔ ዋንጫ ያመጣህበት ዓይን የሠላሳ ዓመት ዓይን ነበር። ኢላማው ካልታየህ አልታየህም፣ ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ስትገዛ "ሃያ አራት ጊዜ ያጎላል፣ ሠላሳ ጊዜ ያጎላል" በሚል አትታለል። ርካሽ መስታወት ባጎላ ቁጥር ይጨልማል፣ የሚያጎላልህ ጭጋጉን ነው። አሥር ጊዜ ብቻ የሚያጎላ፣ የታወቀ፣ በሰው እጅ የነበረ ይሻልሃል። ማስተካከያውን ሞክር፤ ወደ ላይ አሥር፣ ወደ ቀኝ አሥር፣ ወደ ታች አሥር፣ ወደ ግራ አሥር እያዞርህ ተኩስ። የመጨረሻው ጥይት ከመጀመሪያው ቀዳዳ አጠገብ ካልገባ ያ መነጽር ውሸታም ነውና መልሰው።

የክበባችሁን አድራሻ በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ። ለምን አትበለኝ።

ደግሞ አንድ ነገር። "እንደ ሕፃን አደረጉኝ" ያልኸውን አሁን ንገረኝ። ልጅህ ምን አድርጎህ ነው?

ገለታ


አስኮት ቬል
ሰኔ 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለገለታ

ጽሕፈቱ ቢከፋ ታገሠው። 

የክበቡን አድራሻ ኮሊን ራሱ ጽፎልኛል፣ ወረቀቷን እዚህ ውስጥ አድርጌአታለሁ። ምን እንደምትልክ አላውቅም። አልጠየቅሁም።

ተሸንፌ መነጽር ገዛሁ። አንተ አትግዛ ያልኸውን፣ ሃያ አራት ጊዜ የሚያጎላውን፣ ርካሹን። ጨለመ። ጭጋግ ነው። መለስሁት። ኮሊን የራሱን፣ ከጠመንጃው የሚወደደውን፣ ፈትቶ ገጠመልኝ። ያንን አራት ማዕዘን ሙከራህን ራሱ ተኩሶ አሳየኝ፣ አምስተኛዋ ጥይት የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ከንፈር ነካች። "መነጽሩ እውነተኛ ነው" አለ። እኔ ሳይበት ግን ያው ጭጋግ ነው። መስታወቱን ጠረግሁት፣ ያው ነው። ይህን ለኮሊን አልነገርሁትም። ላንተ እየጻፍሁ ነው፣ አንተም ለማንም አትንገር።

ቅዳሜ ዕለት ከኢዮሲያስ ጋር ተመደብሁ። ኮሊንን የለመንሁት እኔ ነኝ። ኢዮሲያስ ሲያየኝ ቆመ። "ሰላም አባዬ" አለ። "ሰላም" አልሁ። ሦስት ዓመት የተጠራቀመው ይኸው ነው፣ ሁለት ቃል። ጢሙን አሳድጓል፣ ሸብቷል፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው እኮ። ጎኔ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ድካም ለዚህ ነበር፣ ደረሰልኝ።

ተኮስሁ። ከኢላማው ሥር ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ሰዎች ዝቅ አድርገውት ጥይቷ የገባችበት ላይ ምልክት ሰክተው ያወጡታል፣ እሱ በመነጽሩ አይቶ ይጠራል። ከሁሉ የሚበልጠው፣ መሃሉ፣ ስድስት ነው። "ሦስት" አለ። "ሁለት።" "አራት።" ከዚያ "ዜሮ" አለ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ሰው ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ሌላ ዜሮ። መጨረሻ ላይ ሌላ ዜሮ። እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ እኔ ምንም አላየሁም፣ የማየው ነጭ ነገር ብቻ ነው፣ የማነጣጥረው በግምት ነው። እሱ ግን ያለውን ሁሉ አየሁ ብሎ ይጠራል።

ካርዱን ሰጠኝ፣ እስክሪብቶ ሰጠኝ። "አልፈርምም" አልሁ። "ዋሽተሃል። ድሮም ያስፈረምኸኝ ወረቀት ውሸት ነበር።" በአማርኛ ነው ያልሁት፣ ግን ኮሊን እንኳ ገባው። "ወልዴ፣ ምልክቱን ያወጡት ጉድጓድ ያሉት ናቸው፣ እሱ አይደለም" አለኝ። ኢዮሲያስ አልተከራከረም። "እሺ" አለ፣ ካርዱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ጠመንጃውን ከከረጢቱ ሳያወጣ ሄደ። የሱን ተራ እንኳ አልተኮሰም።

እንግዲህ የጠየቅኸኝን ልንገርህ። ጽጌ ሆስፒታል ስትገባ የምናስተረጉመው በሱ ነበር። ሐኪሙ ተናግሮ ተናግሮ ወረቀት አመጣ። ኢዮሲያስ "ለምርመራ ነው አባዬ፣ ፈርም" አለኝ። ፈረምሁ። ያ ወረቀት "ከእንግዲህ ሕክምና ይቁም፣ ሕመም ማስታገሻ ብቻ ይሰጣት" የሚል ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተች። ስትሞት እኔ የት ነበርሁ? መኝታ ቤታችንን አረንጓዴ ቀለም ስቀባ። ትመለሳለች ብዬ። ብሩሹን እንደያዝሁ ነው የነገሩኝ። የሚስቴን ሞት የፈረምሁት እኔ ነኝ፣ ምን እንደፈረምሁ ሳላውቅ። አሁን ለምን "ልጅ የለኝም" እንዳልሁ አወቅህ።

ጠመንጃውን ልሸጠው ነው።

ወልዴ


ቢሾፍቱ
ሐምሌ 1 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዮሲያስ ወልዴ
በተኩስ ክበቡ አድራሻ

አታስታውሰኝ ይሆናል። ኬንያ የስደተኛ ካምፕ ሳለን የሰባት ዓመት ልጅ ነበርህ፤ ከዚያ ወዲያ ተለያየን። ገለታ እባላለሁ፣ የአባትህ ጓድ ነኝ፣ ጦሩ ውስጥ መሣሪያ ጠጋኝ ነበርሁ። እናትህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል እንዳስቆጠረችህ አባትህ ጽፎልኝ ያውቃል። እንድታነበው ብዬ ፊደሉን አተልቄዋለሁ። ቀስ ብለህ አንብበው።

አክስትህ፣ የአባትህ ታላቅ እህት እትዬ ማንተግቦሽ፣ ባለፈው ጥቅምት 9 ቀን አርፋለች። አባትህ አያውቅም። እኔ ነኝ የደበቅሁት። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው "ወልዴ ባዕድ አገር ብቻውን ነው፣ ሰው የለውም፣ መርዶ ሰምቶ ማን ደግፎ ያስቀምጠዋል?" አሉ። እኔ ደንቆሮ ነኝ፣ በስልክ አልነግረው። በደብዳቤ መርዶ አይላክም፤ ወረቀት ሰውን አይደግፍም። ስለዚህ ዘጠኝ ወር ዋሸሁት። የሌለ ወንዝ ሞላ አልሁት። ይህን የምነግርህ አንተም አንዴ ዋሽተኸዋል ስለተባለ ነው። እናትህ ትሁን ሌላ ሰው፣ ማን እንዳዘዘህ አላውቅም፣ ግን ከራስህ አፍልቀህ አላደረግኸውም ብዬ አምናለሁ። እኔም ከራሴ አፍልቄ አይደለም። እንዲህ ያለ ውሸት ሁሌም በፍቅር ነው የሚጀምረው፣ የዋሸውን ሰው ግን እንደ ሌባ ያደርገዋል።

ሽማግሌዎቹ ሰው የለውም አሉ። እኔ ሰው አለው ብዬ ለአንተ ጻፍሁ።

ስትሄድ ሳይነጋ ሂድ፣ ገና ምንም ሳይቀምስ። ብቻህን አትሂድ፣ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ አስቀምጠው። ከዚያ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ንገረው፣ መቼ እንደሞተች ቀኑን ጨምረህ።

ሌላም አለ። በአባትህ ደብዳቤዎች ውስጥ የጠመንጃውን ብልሽት ስፈልግ ነበር። አፈሙዙ ደህና ነው። መነጽሩ ደህና ነው፣ የክበባችሁ ሊቀ መንበር ፈትኖታል። የቀረው አንድ ነገር ነው፣ እሱን ደግሞ እኔ አልጠግነውም። ዓይኑን አሳየው። ለማንም አትንገር ብሎኝ ነበር፤ ይህን ቃል ግን አልጠብቅለትም፣ መደበቅ በቃኝ።

ገለታ


አስኮት ቬል
ነሐሴ 4 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለገለታ

የይቅርታ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ይቅር አላልሁህም። ገና ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ለሞተች እህቴ "ሰላም በልልኝ" እያልሁ ስጽፍ ዝም ብለህ አነበብህ። ይህን ሳላወጣ ሰላምታ አልጽፍም ብዬ ነው ከላይ ሰላምታ የሌለው።

እንዴት እንደነገሩኝ ጠይቀሃል። ሐምሌ 20 ቀን፣ ሊነጋ ሲል፣ የመጀመሪያው ትራም ገና ሳያልፍ በሩ ተንኳኳ። በዚህ አገር በዚያ ሰዓት የሚያንኳኳ የለም። ከፈትሁ። ወይንሸት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ኢዮሲያስ መሃል ነው። በግራው ኮሊን፣ የክበቡን ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ። ለካ "ሽማግሌ ይዘህ ሂድ" ብለህ ጽፈህለት፣ ልጁ የሚያውቀው ሽማግሌ ኮሊን ብቻ ነው። ያራቪል የሚባል ሰፈር ድረስ ሄዶ ቀስቅሶ አመጣው። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ መርዶ መሆኑ ገባኝ። የማን እንደሆነም ገባኝ፣ ወንዝህ አስቀድሞ ነግሮኛል።

ኢዮሲያስ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። እፊቴ ተንበረከከና "አባዬ፣ አክስቴ ማንተግቦሽ ሞታለች። ጥቅምት 9 ቀን። እኔ ያወቅሁት ሐሙስ ነው" አለኝ። በአማርኛ። ካርድ ላይ ቁጥር እንደሚጠራ፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ። ከዚያ እሪ አልሁ። ወይንሸት አብራኝ ጮኸች። ኮሊን ምን እንደሚደረግ ስለማያውቅ ወይንሸትን እያየ እሷ እጇን ራሷ ላይ ስታደርግ እሱም ያደርጋል፣ እሷ ስትቀመጥ ይቀመጣል። ሦስት ቀን እየተመላለሰ ተቀመጠ። ብስኩት ይዞ ይመጣል፣ ፍራሹ ጥግ ቁጭ ይላል፣ አይናገርም። እውነቴን ነው፣ ከብዙ ሽማግሌ ይሻላል።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲወጣ ኢዮሲያስ ቀረ። ያቺን አረንጓዴ ክፍል ገብቶ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። "ቀለሙን የመረጠችው እማዬ ናት" አለ። "አንተ ስትሄድ ከአልጋዋ ላይ የቀለም ናሙና አስመጥታኝ ይኼን መረጠች። 'ልንገረው' አልኋት። አስማለችኝ። 'ከነገርኸው ከሐኪሙ ጋር ይጣላል፣ እዚህ ወንበር ላይ ሳይበላ ይደርቃል። እቤት ሄዶ ይቀባልኝ፣ እንደምመለስ እያሰበ ይቀባልኝ' አለች" አለኝ።  ጽጌን ታውቃታለህ። እሷ ያለችውን ነገር እኔስ መቼ እምቢ ብያት አውቃለሁ? በሠላሳ አንድ ዓመቱ እሱ ከየት አምጥቶ እምቢ ይበላት? ግን ደግሞ አልዋሽህም፣ ንዴቱ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። እጇን ሳልይዝ ሄደች። ይህን ማንም መልሶ አይሰጠኝም፣ እሱም አይሰጠኝም። ይህንኑ ነገርሁት። "አውቃለሁ" አለ። ሌላ ነገር ቢል ኖሮ አስወጣው ነበር።

ዓይኔን ለማን እንደነገርህ አውቄአለሁ። ሁለተኛ ክህደትህ ነው። ልጁ "ኢላማው አይታይህም አይደል?" አለኝ። ሦስት ጊዜ አስጠየቅሁት። ከዚያ "አይታየኝም" አልሁት። ቀኝ ዓይኔ ላይ ሞራ ነው፣ ግራውም ጀምሮታል። "ዶክተር ቡክ አደረግሁልህ፣ የሆስፒታል አስተርጓሚ ይመጣል፣ እኔ ውጪ እጠብቃለሁ" አለኝ። ልጁ ፈርቷል። ያንን ወንበር ፈርቶታል፣ በኔና በሐኪም መሃል የሚቀመጡበትን። "አስተርጓሚ አያስፈልግም" አልሁት። "አንተ ግባ። ያለውን ሁሉ ትነግረኛለህ፣ ታውራለህ ቢልም ታውራለህ ትለኛለህ።" "እሺ" አለኝ። ሐኪሙ ጋ የምንገባው የፊታችን ማክሰኞ ነው። በቢላዋ ይነሣል ይላሉ፣ ላይነሣም ይችላል። ፈርቻለሁ፣ ይህንንም ላንተ ብቻ ነው።

ጠመንጃውን አልሸጥሁም። ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ።

ሊሄድ ሲነሣ "ያቺ ካርድስ?" አልሁት። "የቷ?" አለኝ፣ እያወቀ። ከደረት ኪሱ አወጣት፣ ያው ሸሚዝ ነው የለበሰው፣ ወይም ከሸሚዝ ወደ ሸሚዝ ሲያዛውራት ከርሟል፤ አልጠየቅሁትም። ታጥፋ ታጥፋ ጠርዟ ተልጧል። የዓይን መነጽሬን አድርጌ መስኮቱ ጋ ወሰድኋት። ብዙም አልታየችኝም። "አንብብልኝ" አልሁት። ከመጀመሪያው ጀምሮ አሥሩንም አነበበልኝ፣ ሦስቱ ዜሮ ጋ ሲደርስም አልዘለለም። "የት ላይ ነው የሚፈረመው?" አልሁት። ጣቴን ይዞ ቦታው ላይ አስቀመጠልኝ።

ሦስቱም ዜሮ የኔ ናቸው። ፈረምሁ።

ወልዴ